የእሜቴ ክብደት

ሰው ሁሉንም ጭልፊት ይላል። ከፍ ብሎ የሚዞር ክንፍ ካየ ጣቱን ቀስሮ «ጭልፊት» ይልና መንገዱን ይቀጥላል። ሃያ ሁለት ዓመት ኩሳቸውን ስጠርግ የኖርኩት እኔ ግን ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሦስት ዓይነት ነበሩን፤ ሦስቱም ጭልፊት ይባሉ እንጂ በጠባያቸው አይገናኙም። ቀላ ያለችው ትንሿ ከሣሩ በላይ ነፋስ ላይ ቆማ፣ ክንፏን እያርገበገበች፣ አንገቷን እንኳ ሳታነቃንቅ አይጥ ትጠብቃለች። አፈር የሚመስለው ትልቁ ደግሞ መሬት ለመሬት እያሳደደ የሚያደክም ነው፤ አንዴ ጥንቸል ጀርባ ላይ ዓይኑን ከጣለ ወይ ጥንቸሏ ትወድቃለች ወይ እሱ። ሦስተኛዋ እሜቴ ነበረች።

እሜቴ ያልናት ሥጋዋን ስትበላ ስለምትኮራ ነው። ከላይ ከሚወረወሩት ዓይነት ናት። እሷ ማሳደድ አትወድም፤ የድሃ ሥራ ይመስላታል። ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ ነጥብ እስክታክል ትወጣለች፣ ከዚያ ክንፏን ሰብስባ ራሷን ትለቃለች። በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አጠገቡ ያለፈበት ሰው ካለ እሷን እንዳየ ይቁጠረው። ርግቧን በእግሯ መትታ ታልፋለች፣ አየር ላይ ላባ ብቻ ይቀራል። ጎብኚ የሚያጨበጭበው ለውርወራዋ ነው። መውደቅ ግን ማንንም አያቅትም፤ ድንጋይም ይወድቃል። ጭንቁ ያለው ከውድቀቱ መውጣቱ ላይ ነው። መሬት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ክንፏን ትዘረጋለች፣ ያንን ሁሉ ፍጥነት በደረቷ ሥጋ ተሸክማ ወደ ላይ ትቀለብሰዋለች። የደረት ሥጋዋ ከሳሳ መውረዱን ትችላለች፣ መውጣቱን አትችልም።

ሥራችን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ነው። ርግቦች መንደርደሪያው ዳር ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ሞተር ውስጥ ከገባች ስንት ሰው አብሯት እንደሚያልቅ መናገር አያስፈልገኝም። እኛ ጭልፊቶቹን እንለቃለን፣ ርግቦቹ ይሸሻሉ። ከእሳት አደጋ መኪኖቹ ማቆሚያ ጀርባ አንድ ክፍል ሰጥተውናል። ሦስት መቆሚያ፣ የጫጩት ሥጋ የሞላው ማቀዝቀዣ፣ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ። እኛ ስል ወንድሜና እኔ ማለቴ ነው።

ወንድሜ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፣ እዚህ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን ያሳደገህ ሰው ማደግህን የሚያምነው መጨረሻ ላይ ነው። እሱ ጓንት ያጠልቃል፣ እኔ መጥረጊያ እይዛለሁ። አርባ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ ጆሮ ግንዴ ሸብቶ፣ «ጋሼ፣ የጠዋቱን በረራ እኔ ልሞክረው» ስለው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይለኛል። ባለፈው ዓመት የመንደርደሪያው ኃላፊ፣ የሁለታችንም አለቃ የሆነው ቀጭኑ ሰውዬ፣ «ታናሽህን ለምን አታለማምደውም? አንተ እኮ እያረጀህ ነው» አለው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሻይ እየጠጡ ይሰማሉ። ወንድሜ ፈገግ ብሎ «ይጠርጋል እንጂ እጁ ነፍስ የለውም» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያ ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

«እጁ» ያለው ያለ ነገር አልነበረም። ጭልፊት አትወድህም፤ ውሻ አይደለችም። ወደ ጓንትህ የምትመለሰው ስለራባት ብቻ ነው። ከጠገበች የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጣ ትታዘብሃለች፣ ወይም እስከ ወዲያኛው ትሄዳለች። ከመጠን በላይ ከተራበች ደግሞ አቅም ታጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልክ ጠባብ ነው፤ የእሜቴ ልክ ስምንት መቶ ሰማንያ ግራም ነበር፣ አሥር ቢጨምር አሥር ቢቀንስ። ስለዚህ በሌላ ቦታ ሰው ሁሉ በየጠዋቱ ወፉን ሚዛን ላይ ያወጣል። ወንድሜ አያወጣም። አውራ ጣቱን ላባዋ ውስጥ ሰዶ የደረቷን አጥንት ይዳብሳል። አጥንቱ እንደ ቢላ ጀርባ ከወጣ ከስታለች፣ ሥጋ ውስጥ ከጠፋ ወፍራለች። «ስምንት መቶ ሰማንያ ሁለት» ይላል፣ እኔ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። በወጣትነቴ ሲሳሳት ልይዘው ብዬ እሱ ሲወጣ ሰርቄ እመዝናት ነበር። ከአምስት ግራም በላይ ስቶ አያውቅም። እንደዚያ ያለ ጣት የተሰጠው ሰው ቢኮራ ምን ይፈረድበታል? ሚዛኑም የጫጩት ሥጋ መመዘኛ ሆኖ ቀረ።

ነገሩን ያወቅሁት ወንድሜ ቤት ነው። እሑድ ምሳ ጠርተውኝ ነበር። ወንድሜ የሚፍለቀለቀውን ድስት በባዶ እጁ ከምድጃ አንስቶ፣ በእርጋታ ተራምዶ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ነው ዞር ብሎ ጨርቅ የፈለገው። ምሳው አልቆ እሱ ጋደም ሲል ሚስቱን ሳህን ላግዛት ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ።

«አየኸው አይደል?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑን እትዬ?»

«እጁን ነዋ። ስኳሩ ነው። መጀመሪያ እግሩን ነበር፣ አሁን ጣቶቹም ደንዝዘዋል። የሸሚዙን ቁልፍ እኔ ነኝ የምቆልፍለት። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ ብሎኛል።»

«ለእኔም?»

ሳህኑን አጥባ ጨረሰች። «በተለይ ላንተ» አለች።

በማግስቱ ሰኞ ወንድሜ እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን እሜቴ ላባ ውስጥ ሰደደ። ሌላ ጊዜ አንድ አፍታ ነው፤ ያን ቀን ቆየ፣ ደጋገመ፣ ጣቱን አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረገና እንደገና ሰደደ። «ወፍራለች» አለ። «ዘጠኝ መቶ አልፋለች። ከዛሬ ጀምሮ ምግቧን በግማሽ ቀንሰው።» ለደነዘዘ ጣት ሁሉም ነገር ለስላሳ ነው። ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ መቶ አምስት ብዬ ጻፍኩ። እሱ ወደ መቆጣጠሪያው ማማ ሲሄድ በሩን ገርበብ አድርጌ ሚዛኑ ላይ አወጣኋት። ስምንት መቶ ሰባ ሁለት ነበረች።

ልነግረው አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው። ማክሰኞ ስመዝናት ስምንት መቶ ስልሳ ሆነች። ረቡዕ ስጠርግ ኩሷን አየሁት፤ ነጩ ጠፍቶ አረንጓዴ ሆኗል። ወፍ አረንጓዴ የምትጥለው ሆዷ ባዶ ሲሆን ነው። ወንድሜ ኩስ አያይም፤ ኩስ የእኔ ሥራ ነው። ያን ቀን እሳት አደጋዎቹ በር ላይ ቆመው ሳለ «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ሚዛን ላይ ብናወጣትስ?» አልኩት። ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ከመቼ ወዲህ ነው መጥረጊያ ወፍ የሚመዝነው?» አለ። ደግሞ ሳቁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኩና አፌን ዘጋሁ። ለእሱ ስል ከሆነ ይዘጋ፣ ለእሷ ስል ግን መክፈት ነበረብኝ፤ ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

በዚያው ሳምንት ኃላፊው መጥቶ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ የድርጅቱ ትላልቅ ሰዎች እንደሚጎበኙን ነገረን። ወይ ጭልፊቶቹ ይቀጥላሉ፣ ወይ በየአሥር ደቂቃው የሚጮህ መድፍ መሳይ መሣሪያ ተገዝቶ እኛ እንሰናበታለን። «አንድ በረራ ነው የሚያዩት። እሜቴን አውጣት» አለው ወንድሜን። ወንድሜ ደረቱን ነፋ።

አሁን የሐሳቤን ክፋት ልናገር፤ ለማን እደብቀዋለሁ? የተራበች ወፍ አትወጣም። ከጓንቱ ትነሣለች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ታርገበግባለች፣ ከዚያ ደክሟት የመብራት ምሰሶ ላይ ታርፋለች። ወንድሜ ከታች ማባበያውን፣ ያንን ላባ የተሰፋበት ቆዳ፣ በገመድ እያሽከረከረ ይለምናታል። ጎብኚዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያኔ እኔ ቀስ ብዬ ወደ ሥራ መኪናችን ወደ ፒክአፑ እሄዳለሁ፣ ሚዛኑን አወጣለሁ፣ እሜቴን ጠርቼ በሁሉም ፊት እመዝናታለሁ። እጁ ነፍስ የሌለው ማን እንደሆነ ያኔ ይታያል። ጓንቱን ያኔ እወስዳለሁ። እሷንም እስክትጠግብ አበላታለሁ፤ በሁለት ሳምንት ሥጋዋ ይመለሳል። አሥር ጊዜ ደጋግሜ አስቤው አንድም ቀዳዳ አላገኘሁበትም።

በጉብኝቱ ዋዜማ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሚዛኑ ሰባት መቶ ዘጠና አለ። ወንድሜ ያን ጠዋት «ስምንት መቶ ዘጠና፣ ተስተካክላለች» ብሎኝ እንደዚያው ጽፌ ነበር። ለትንሿ ጭልፊት የጫጩት ሥጋ ስቆራርጥ እሜቴ መቆሚያዋ ላይ ሆና ትጮሃለች። ወንድሜ ጩኸቷን ከሰማ «ጥጋብ ነው፣ ተዋት» ይል ነበር። ከሳምንቱ መጨረሻ ወዲህ ድምጿ ሰልሏል። አንድ ሙሉ እግር ከነጭኑ በእጄ ያዝኩና ዞርኩ። ዓይኗን ከእጄ ላይ ሳትነቅል አንገቷን አስረዘመች። አንጀቴን በላችው። መስጠት እችል ነበር፤ ማንም አያይም፣ አንድ እግር ነው። ግን አንድ እግር ከበላች ነገ ትንሽ አቅም ይኖራታል፣ ትንሽ አቅም ካላት ትወጣለች፣ ከወጣች የእኔ ነገር ከንቱ ይሆናል። እግሩን ወደ ማቀዝቀዣው መለስኩት። «አንድ ቀን ብቻ» አልኳት። ለወፍ ቃል የሚገባ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም።

ዓርብ እኩለ ቀን ሆነ። ፀሐዩ መንደርደሪያውን አግሎት ከአስፋልቱ ላይ አየሩ ይንቀጠቀጣል። አምስት ጎብኚዎች ከኃላፊው ጋር ጥላ ሥር ቆሙ። ወንድሜ ፂሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ሚስቱ እስከ አንገቱ ቆልፋለት መጥቷል። ሚዛኑን ጠዋት ፒክአፑ ኋላ፣ ጆንያ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ማባበያው ወገቤ ላይ ነው። ርግቦቹ ከወዲያኛው ሣር ውስጥ ይለቅማሉ።

ወንድሜ የእሜቴን ዓይን የሸፈነውን የቆዳ ቆብ አወለቀላትና እጁን ከፍ አደረገ። ተነሣች። እንዳሰብኩት ነበር፤ ዝቅ ብላ፣ ከብዷት፣ ሣሩን ልትነካ እየደረሰች በረረች። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ወደ ምሰሶው ታጠፈች። በመንገዷ ላይ ግን አስፋልቱ ነበር። የጋለው አየር ከሥር አገኛት። ክንፏን ዘረጋች፣ ዝም ብላ ዘረጋች፣ አየሩ እንደ እናት አቅፎ አነሣት። መዞር ጀመረች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ እየጠበበች፣ እያነሰች።

«አያችሁ?» አለ ወንድሜ ለጎብኚዎቹ። «አንዴ እንኳ ክንፏን አልመታችም። እንዲህ ያለ ልክ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው።»

ክንፏን ለምን እንደማትመታ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጊዜ ነበረኝ። ማባበያውን ከወገቤ ፈትቼ አንዴ ባሽከረክረው፣ በዚያ ረሃቧ፣ ከሰማይ ጥግም ቢሆን ትመጣልኝ ነበር። ግን ያለ እሱ ፈቃድ በጎብኚ ፊት ማባበያ ባወጣ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። እጄ ገመዱ ላይ ደርሶ ቆመ። እስከ አሥር ቆጥሬ ሳልጨርስ ርግቦቹ ከሣሩ ተነሡ፣ እሷም ላይ ሆና ክንፏን ሰበሰበች።

ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያማረ ውርወራ አላየሁም። ርግቧን መታቻት፣ ላባው ተበተነ። ከዚያ ክንፏን ከፈተች። መክፈቷን ሁሉም አይቷል። ክንፎቿ ወደ ላይ ተቀለበሱ፣ ደረቷ ሊሸከማቸው አልቻለም፣ መንደርደሪያው ዳር ያለው ሲሚንቶ ላይ ወረደች። እግሯ ላይ ያለችው ቃጭል አንዴ ጮኸች።

ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። ርግቧ ላይ ያረፈች መስሏቸው ነው። የቀሩት ርግቦች መንጋቸውን ይዘው ከአጥሩ ማዶ ጠፉ፤ አንድም አልቀረ። ኃላፊው የትልቁን ሰውዬ እጅ ይጨብጣል። እነሱ እየሳቁ ወደ ሕንፃው ሄዱ።

ወንድሜ መሮጥ አይችልም፣ እግሩ ድሮ ነው የሄደው። እየተንገዳገደ ደርሶ ተንበርክኮ አነሣት። አንገቷ እጁ ላይ ተንጠለጠለ። አውራ ጣቱን ደረቷ ውስጥ ሰደደ። «ሙሉ ናት» አለ። «ልኳ ናት እኮ። ምን ነካት? ነፋሱ ነው?» ይጠይቀኛል። በሕይወቱ በወፍ ጉዳይ ጠይቆኝ አያውቅም።

ታቅፏት ወደ ፒክአፑ ሄደ። የሚያስተኛበት ሲፈልግ ጆንያውን ገለጠው። ሚዛኑን አየ። ብዙ አየው። ያ ሚዛን ከጠረጴዛው ወርዶ አያውቅም።

«ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

መልሴን አልጠበቀም። እሜቴን ቀስ ብሎ ሚዛኑ ላይ አስተኛት፣ ክንፏን ሰበሰበላት። ጣቱ እንጂ ዓይኑ ደህና ነው። ሰባት መቶ ሰባ አምስት። ቁጥሩን እያየ የግራ እጁን በቀኝ እጁ ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጨመቃቸው፣ እስኪነጡ ድረስ።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ከአሥራ አንድ ቀን በፊት።»

«በየቀኑ ስትመዝናት ነበር?»

«አዎ።»

«ሰሌዳው ላይ ግን እኔ የነገርኩህን ትጽፍ ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

ስድቡን ጠበቅሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ለባልዲ፣ ለገመድ፣ ለተሳሳተ ቋጠሮ የሰደበኝ ሰው ነው፤ ለዚህ ምን እንደሚለኝ ማሰብ ራሱ ያስፈራ ነበር። ቢመታኝም እቆምለት ነበር። እሱ ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ብትነግረኝ እሰድብህ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እሰድብህና አበላት ነበር።»

ሸሚዙን ሊያወልቅላት ፈልጎ ቁልፉን መፍታት አቃተው። ልረዳው እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ አለ። በመጨረሻ በጆንያው ጠቅልሎ ታቅፏት በእግሩ ወደ በሩ ሄደ። ፒክአፑን ይዤ በዝግታ ተከተልኩት፤ እንዲሳፈር ደጋግሜ ለመንኩት፣ አልሰማኝም።

ሰኞ ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ጎብኚዎቹ በጣም መደሰታቸውን፣ ውሉ ለሁለት ዓመት መታደሱን፣ ከዚያው ዓይነት ሁለት አዳዲስ ወፎች እንደሚገዙ ነገረኝ። ቀጥሎ አንድ ወረቀት ከመሳቢያው አወጣ። የወንድሜ ደብዳቤ ነው፤ ጽሑፉ የሚስቱ ነው፣ ፊርማው እንደ ልጅ ጽሑፍ የተንጋደደ።

«ሥራ ለቋል» አለ ኃላፊው። «ጣቱ መደንዘዙን ደብቆ ወፏን እንዳስራባት፣ ጥፋቱ የራሱ ብቻ እንደሆነ ጽፏል። በቦታው አንተ እንድትተካ ይጠይቃል። እኔ የገረመኝ ግን...» መነጽሩን አወለቀ። «እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለታችሁ ናችሁ። በእውነት ሌላ ያወቀ ሰው አልነበረም?»

ጓንቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከደብዳቤው ጋር አብሮ ልኮታል።

«አልነበረም» አልኩና አነሣሁት።